ሁለት ገጣሚ፣ አንድ ግጥም፦ የጥንድ ግጥም ምሽት እንዴት ይሰናዳል

የግጥም ምሽት ሲባል የሚመጣልን ሥዕል አንድ ነው። ገጣሚው ይጠራል፣ ከኪሱ ወረቀት ያወጣል፣ «ይቺን የጻፍኳት...» ብሎ ከግጥሙ የሚረዝም ማብራሪያ ይሰጣል፣ ያነባል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይወርዳል። ቀጣዩም እንዲሁ። ይህ መመሪያ ስለዚያ አይደለም። እዚህ የማወራው በቅጡ የማይተዋወቁ ሁለት ገጣሚዎች ተጣምረው፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልነበረ አንድ ሥራ ሠርተው፣ መጀመሪያ ራሳቸው እየተገረሙ መድረክ ላይ ስለሚያቀርቡበት ምሽት ነው። ስምንት ጥንድ፣ ስምንት አዲስ ሥራ።

እንዲህ ያሉ ምሽቶችን ሳሰናዳ ቆይቻለሁ። የአዘጋጁ ሥራ ሁለት ነው፦ ማጣመርና ሰዓት መጠበቅ። ፖስተሩ፣ መብራቱ፣ ከኋላ የሚሰቀለው ጨርቅ ጌጥ ነው። ማጣመሩን ካበላሻችሁት ጌጡ አያድናችሁም፤ ሰዓቱን ካበላሻችሁት ደግሞ በደንብ የተጣመረውም ጥንድ አያድናችሁም።

1. መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

የመጀመሪያውን ምሽት ያሰናዳሁት በደግነት ነበር። አሥራ ሁለት ጥንድ ጠራሁ፤ «አሥር ደቂቃ ገደማ» አልኳቸው። «ገደማ» የምትለዋ ቃል ጉድ ሠራችኝ። አንዱ ጥንድ ብቻውን ሃያ ሰባት ደቂቃ ወሰደ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጣሚዎች ያነበቡት ለእኔ፣ ለአዳራሹ ጥበቃና ለአንደኛዋ እህት ነበር። ጥበቃው ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ነው ያዳመጠው፤ እሱም ጨዋ ሰው ሆኖ እንጂ።

አሁን የምከተለው ሒሳብ ይኸው። ስምንት ጥንድ፣ እያንዳንዱ 7 ደቂቃ፣ 56 ደቂቃ። አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ፣ ማይክ እስኪስተካከል፣ ጭብጨባውም ተጨምሮ ለየጥንዱ 2 ደቂቃ፣ 16። መሐል ላይ ዕረፍት 15፤ መክፈቻ 3። ድምሩ 90 ደቂቃ ይመጣል። ታዳሚ ከዚህ በላይ አይችልም። ሙከራዊ ሥራ ከተለመደው ግጥም ይልቅ ጆሮ ያደክማል፤ ቤት ሲመታ አረፍ የሚሉበት ቦታ የለማ።

ለምን ሰባት ደቂቃ? በሦስት ደቂቃ ታዳሚው ሁለቱን ድምፅ ሳይለይ ያልቅበታል፤ በአሥራ አምስት ደግሞ አንድ ደካማ ጥንድ አዳራሹን ይዞት ይወድቃል። የሰባት ደቂቃ ክሽፈት ግን ሰው ይታገሣል፣ አንዳንዴም ይወደዋል። ለክሽፈት ቦታ ካልተተወ ደግሞ ሙከራ ማለት ትርጉም የለውም።

ለዝግጅት ስድስት ሳምንት ይበቃል። ሦስት ወር የሰጠኋቸው ጥንዶች አሥሩን ሳምንት «እንገናኝ እንጂ» ሲባባሉ ቆይተው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው የጻፉት።

2. ማጣመር

ገጣሚዎቹ ራሳቸው እንዲመራረጡ አትፍቀዱ። ሰው ሲመርጥ ወዳጁን ይመርጣል፤ ወዳጅ ደግሞ አይሰርዝም፣ «ይቺ ስንኝ አልሆነችም» ብሎ ፊት ለፊት አይናገርም። ውጤቱ በአንድ ርዕስ ሥር የተጠለሉ ሁለት ግጥሞች ይሆናል።

እኔ ስሞቹን በትንንሽ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛ ላይ በትኜ ነው የማጣምረው። በእያንዳንዱ ስም ሥር ሁለት ነገር አሰፍራለሁ፦ ምን ይችላል? ምን ይሸሻል? አንዷ ቤት የሚመታ፣ ምጣኔው የተጠበቀ ግጥም ትጽፋለች፤ መድረክ ላይ ግን ዓይኗን ከወረቀቱ አታነሣም። ሌላው ብዕር አይነካም ማለት ይቻላል፣ ስልኩ ላይ ድምፁን እየቀዳ ነው የሚሠራው፤ ቅርጽ የሚባል ነገር ሲነሣ ግን ወንበሩ ይጎረብጠዋል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጓቸው። አንዱ የሚሸሸው ቦታ ሌላው የሚኖርበት ሲሆን ጥንዱ ይሠራል።

ስመ ጥሩን ከጀማሪ ጋር ማጣመር ደግ ሐሳብ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ይህን ማድረግ የሚያዋጣው ስመ ጥሩው ጨርሶ በማያውቀው መልክ እንዲሠራ ከተገደደ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ጀማሪ ይሆናሉ። ድምፃቸው የገዘፈ ሁለት የመድረክ ሰዎች ከተጣመሩ እሽቅድምድም ይሆናል። ሁለት ዝምተኞች ግን፣ ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ ከሁሉም የተሻለውን ይዘው ይመጣሉ። ባልና ሚስት አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ግጥሙ ጥሩ ነበር፣ ልምምዱ ግን ጎረቤት ያስወጣ ነበር።

ሁሉም ገጣሚ መሆን የለበትም። ተርጓሚ፣ የልቦለድ ጸሐፊ፣ ሠዓሊ፣ ከድምፅ ጋር የሚሠራ ሙዚቀኛ ከገጣሚ ጋር ሲጣመር ገጣሚው የለመደውን ዘዴ ይቀማል። በሁለት ቋንቋ የሚጽፉ ጥንዶችም ይቻላሉ፤ አንድ የሚግባቡበት ሦስተኛ ቋንቋ፣ ካልሆነም መዝገበ ቃላትና ትዕግሥት ይበቃቸዋል።

ከአሥራ ስድስት ሰው አንድ ሰው አይቀርም ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ ተጠባባቂ መሆናቸውን የሚያውቁና የማይከፋቸው ሁለት ሰዎች ይኑሯችሁ። በመጨረሻው ሳምንት አንዱ ቢቀር የተረፈው ብቻውን እንዲያነብ አታድርጉ፤ ተጠባባቂው የቀረውን ሰው ክፍል ያንብብለት።

3. የጥሪው መልእክት

ለሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መልእክት ይላክ። ለየብቻ ከላካችሁ አንዱ ቀድሞ ደውሎ ሐሳቡን ይጭናል። እኔ የምልከው ከዚህ የማይረዝም ነው፦

«ሰላም እገሊት፣ ሰላም እገሌ። በዚህ መልእክት ተዋወቁ። ከዛሬ ስድስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ማታ ሁለታችሁ አብራችሁ የሠራችሁትን አንድ አዲስ ሥራ ታቀርባላችሁ። ጊዜው ሰባት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ማሳጠር ይቻላል፣ ማስረዘም አይቻልም። ከዚህ በፊት የታተመ ወይም መድረክ ላይ የተነበበ ስንኝ አይግባበት። ምን እንደሚሆን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ግጥም መምሰልም የለበትም። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ስንት ማይክ፣ ስንት ወንበር፣ ምን ዕቃ እንደምትፈልጉ ብቻ ንገሩኝ። ክፍያው ለሁለታችሁ እኩል ነው። ጽሑፉን አስቀድሜ አላነብም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። አዘጋጁ እንደሚያነብ ያወቀ ጥንድ ለአዘጋጁ ይጽፋል።

4. የመጀመሪያው ቀጠሮ

ከዚህ በኋላ ያለው፣ እስከ ቁጥር 7 ድረስ፣ ለተጣማሪዎቹ ነው። ስትገናኙ «ስለ ምን እንጻፍ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ጥያቄው ወደ ትልልቅ ቃላት ይወስዳችኋል፤ ፍቅር፣ ጊዜ፣ ስደት እያላችሁ ሁለት ሰዓት ታወራላችሁ፣ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ትለያያላችሁ።

ይልቅ እያንዳንዳችሁ ከአሮጌ ረቂቆቻችሁ የጣላችኋቸውን አሥር ስንኞች ይዛችሁ ኑ። ያልታተሙ፣ ያልተነበቡ፣ ያልሆኑላችሁ። ተቀያየሩ። ሕጉ ለመጀመሪያው ሳምንት ይህ ነው፦ የተሰጣችሁን መቁረጥ፣ ማዟዟር፣ መድገም ትችላላችሁ፤ አንድም ቃል መጨመር አትችሉም። በሳምንቱ ስትገናኙ ሌላው ሰው የጣላችሁትን ምን እንዳደረገው ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚያናድድ ነው። ንዴቷን ያዟት፤ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በአካል መገናኘት የማይችሉ ጥንዶች የድምፅ መልእክት ቢለዋወጡ ይሻላል። የተጻፈ ነገር ሲላክ ተቀባዩ ያርማል፤ ድምፅ ሲላክ ግን ይመልሳል።

5. አራት አሠራሮች

አንዱን ምረጡ። ሁለት የቀላቀለ ጥንድ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል።

የታጠፈ ወረቀት። እ.ኤ.አ. በ1925 አካባቢ ፓሪስ የነበሩ ሱሪያሊስቶች፣ ሕልምንና ያልታሰበን ነገር የሥራቸው ምንጭ ያደረጉ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች፣ የጀመሩት ጨዋታ ነው፤ አንዱ ይጽፋል፣ ወረቀቱን አጥፎ ይደብቃል፣ ቀጣዩ ሳያይ ይቀጥላል። «ያማረው ሬሳ» የሚለውን ስሙን ያገኘው መጀመሪያ ከወጣላቸው ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ያማረው ሬሳ አዲሱን ወይን ይጠጣል» የሚል ነበር። በፈረንሳይኛ ግሱ መሐል ላይ ስለሚወድቅ ከግሱ በፊትና በኋላ የሚጽፉት ሁለቱም ተቀራራቢ ድርሻ ነው ያላቸው። በአማርኛ ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። የመጨረሻው ጸሐፊ ንጉሥ ይሆናል ማለት ነው፤ የሚስቀውም የሚያለቅሰውም እሱ በሚጥላት አንዲት ቃል ነው። በዚያ ላይ ግሳችን ባለቤቱን ይከተላል፤ ባለቤቱ ሴት ሆና ግሱ ወንድ ከሆነ ጨዋታው ስህተት ይመስላል እንጂ አያስደንቅም።

መፍትሔው ወረቀቱን አራት ቦታ ማጠፍ ነው፦ ባለቤት ከነቅጽሉ፤ ጊዜ ወይም ቦታ፤ «ን» ያለው ተሳቢ፤ ግስ። ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፦ ባለቤቱ ነጠላ ወንድ ነው፣ ግሱም ያለፈ ጊዜ። ግሱን በየተራ ውሰዱ። በአንድ ልምምድ ላይ የወጣችውን ላሳያችሁ፦

ቀዝቃዛው መሰላል / ከዝናቡ በፊት / የእናቴን ጥላ / አበደረ።

«ዝናብ»ን የጻፈው ሰው «ጥላ» እንደምትመጣ አያውቅም። «ጥላ» ያለችው ደግሞ ፀሐይ የሚጥለውን ነበር ያሰበችው። ወረቀቱ ሲዘረጋ ጥላው ዣንጥላ ሆነ፤ ሁለቱም ያላሰቡት ኅብረ ቃል ተወለደ። እንዲህ ያለ ስንኝ ሲወጣ ለብቻው ጻፉት። ከሃያ እጥፋት ሦስት ቢወጣ ጥሩ ነው፤ የቀረውን አታዝኑለት፣ ጣሉት።

ሰንሰለት። የጃፓኑ ሬንጋ ነው መሠረቱ። በየተራ አጫጭር ስንኝ ይጻፋል፤ በጃፓናዊው ገጣሚ በማትሱዎ ባሾና በተከታዮቹ ዘንድ የሠለጠነው መልክ 36 ስንኝ አለው። ዋናው ሕግ ለመናገር ቀላል፣ ለመጠበቅ ከባድ ነው፦ አዲሱ ስንኝ ከፊተኛው ጋር ይያያዝ፣ ከዚያ በፊት ከነበረው ግን ይራቅ። ይህን ያልጠበቀ ሰንሰለት ተራ ትረካ ይሆናል። ምሳሌ፦

ደጁ ላይ አንድ ጫማ፤
ሌላኛው የለም።

ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ
ቀስ ብሎ ተነሣ።

ከደብተር የታጠፈች ጀልባ
ጎርፉ ላይ ትዞራለች።

ሁለተኛው ሲመጣ ጫማው የሞተ ሰው ጫማ ሆነ። ሦስተኛው ግን የያዘው «ማጠፍ»ን ብቻ ነው፤ ጫማው ጠፋ፣ ሐዘኑም ጠፋ፣ ልጅ መጣ። ሦስተኛው ጸሐፊ «እናቱ ጮኸች» ብሎ ቢቀጥል ኖሮ ሦስቱም ስለ አንድ ሞት ይሆኑና በአራተኛው ስንኝ መውጫ ይጠፋ ነበር። ጓደኛችሁ አዝኖ ስታገኙት ከሐዘኑ ሳይሆን ከእጁ እንቅስቃሴ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኦክታቪዮ ፓዝ፣ ዣክ ሩቦ፣ ኤዶዋርዶ ሳንጉዊኔቲና ቻርልስ ቶምሊንሰን ፓሪስ ውስጥ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ተቀምጠው ይህንኑ አሠራር ከሶኔት፣ ከአውሮፓው ባለ አሥራ አራት ስንኝ ግጥም፣ ጋር አዳቅለው ሠርተውበታል፤ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ። ቋንቋ የማይጋሩ ጥንዶች ሲያጋጥሟችሁ ይህን አስታውሱ። ለሰባት ደቂቃ ሠላሳ ስድስቱም አያስፈልጉም፤ አሥራ ስምንቱ በደንብ ተቀምጠው ሲነበቡ ይበቃሉ።

ተቀያያሪ ስንኝ። ሬይሞን ኬኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ከተመሠረተው ኡሊፖ ከሚባለው የጸሐፍትና የሒሳብ ሰዎች ማኅበር መሥራቾች አንዱ፣ በ1961 አሥር ሶኔቶችን አሳተመ። የእያንዳንዱ ገጽ ስንኞች ለየብቻ ተቆራርጠው የሚገለጡ ናቸው፤ ማንኛውም ስንኝ ከየትኛውም ገጽ ቢመጣ ስለሚገጥም መቶ ትሪሊዮን ግጥም ያወጣሉ። እናንተ በትንሹ ሥሩት። እያንዳንዳችሁ ሁለት ባለ አራት ስንኝ ግጥም ጻፉ፤ በድምሩ አራት። የሁሉም መጀመሪያ ስንኝ በአንድ ድምፅ ይውጣ፣ ሁለተኛው በአንድ፣ እንዲያ እያለ። 4 በ4 በ4 በ4፣ 256 ግጥም አላችሁ። ለመቀያየር እንዲመች ሁሉም ስንኞች በአንድ መደብና ፆታ ይቋጩ፤ «እሷ» ከሆነች እስከ መጨረሻው እሷ ትሁን። መድረክ ላይ ከታዳሚው አራት ቁጥር ጠይቁና የወጣውን አንብቡ፤ ሦስት አራት ዙር ስትደጋግሙት ሰዉ ስንኞቹን እያወቃቸው ይመጣል፣ የት እንደሚያርፉ መጠበቅ ይጀምራል።

የሆሄ ገደብ። በሌላ ቋንቋ የሚጽፉ አንድ ፊደል ይከለክሉና ያለ እሱ ይጽፋሉ፤ እኛ የምንከለክለው ሞልቶናል። አንድ ቤት ሙሉ መከልከል ይቻላል፤ ከ«ለ» እስከ «ሎ» ያሉትን ሁሉ። ከዚህ የሚበልጠው ፈተና ግን አንድ ተርታ መከልከል ነው። አንዱ ራብዕ አይጠቀም፤ «ላ»፣ «ና»፣ «ያ» የሉም፣ ከነሱም ጋር «እና» ሄደች፣ «ያለው» ሄደ፣ «ነበረና» ሄደ። አንድ ቀን ሙሉ ተሟሙቶ እንዲህ ያለች ስንኝ ይዞ ይመጣል፦

ሌሊቱ ሲሄድ በሩን ከፍቶ ድምፄን ወሰደው።

ሌላኛው ደግሞ በራብዕ እንዳሻው ይጠቀም፣ ሣልስ ግን ይከልከል። ጎን ለጎን ሲነበቡ ጆሮ ምክንያቱን ሳያውቅ ልዩነቱን ይሰማል፤ የአንዱ ግጥም የተዘጋ ክፍል፣ የሌላው የተከፈተ ይመስላል።

ስሞችን በመዝገበ ቃላት ከነሱ በኋላ በሚመጣው ሰባተኛ ስም የመተካት ዘዴም አለ፤ የኡሊፖው ዣን ሌስኩር ያመጣው ነው። በአማርኛ መዝገበ ቃላት ስትሞክሩት ግን ተጠንቀቁ፤ መዝገቡ በግስ ሥር የተደራጀ ከሆነ ሰባተኛው ስም የዚያው ግስ ልጅ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሠላሳ ቁጠሩ።

6. የጋራ መሆኑን መፈተሻ

በአራተኛው ሳምንት ይህን አድርጉ። የአንዳችሁን ስንኞች ሁሉ በወረቀት ሸፍኑና የቀረውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የቀረው ብቻውን የሚቆም ግጥም ከሆነ ገና አልተጣመራችሁም፤ ጎን ለጎን ነው የቆማችሁት። ያን ጊዜ እያንዳንዳችሁ ከራሳችሁ ክፍል በጣም የምትወዷትን ስንኝ አውጥታችሁ ለሌላው ስጡት፤ ቦታዋን እሱ ይፈልግላት፣ መድረክ ላይም እሱ ያንብባት።

ጠብ ይነሣል። የሚነሣውም በትልቅ ነገር አይደለም፣ በ«እንጂ» እና በ«ግን» ነው። የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ መሰረዝ የሁለቱም መብት ይሁን፣ መመለስ ግን የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቅ። ግጥሙ ያጥራል፤ ያጠረ ግጥም ደግሞ በዚህ ምሽት ማንንም አልጎዳም።

7. ለንባብ ማሰናዳት

ጓደኛችሁ የጻፈውን ስታነቡ አማርኛ አንድ ወጥመድ አለው፦ ማጥበቅና ማላላት አይጻፍም። «ድምፁ ይሰማል» የሚል ስንኝ ተሰጣችሁ እንበል። «ሰ»ንና «ማ»ን ብታጠብቁ ድምፁን ሰዎች ይሰሙታል፤ ብታላሉ ድምፁ ራሱ ጆሮ አለው፣ እሱ ነው የሚሰማው። ጸሐፊው ሁለተኛውን አስቦ ሳለ አንባቢው መጀመሪያውን ቢያነብ ግጥሙ በአንድ ትንፋሽ ተራ ይሆናል። ስለዚህ የንባብ ቅጂው ላይ በሚጠብቀው ሆሄ ራስ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ወይም፣ ይህ የኔ ምርጫ ነው፣ አንዳችሁ አጥብቃችሁ ሌላችሁ አላልታችሁ ያንኑ ስንኝ ተከታትላችሁ አንብቡት።

በአንድ ጊዜ ማንበብ ሁሉም ጥንድ የሚመኘው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ዙሪክ፣ ካባሬ ቮልቴር በሚባል የመዝናኛ ቤት ውስጥ ትሪስታን ዛራ፣ ሪቻርድ ሁልዘንቤክና ማርሴል ያንኮ በሦስት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ያነበቡት ግጥም የገጹ አጻጻፍ እንደ ሙዚቃ ኖታ ነበር፤ ማን የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚያፏጭ ሁሉ የተሰመረ። ብዙዎች ግርግሩን ይወስዱና ኖታውን ይረሱታል። ሁለት ሰው እኩል ድምፅ አውጥቶ የተለያየ ነገር ቢያነብ ታዳሚው ከሃያ ሰከንድ በኋላ ሁለቱንም መስማት ይተዋል። አንደኛው ድምፅ መሬት ይሁን፤ ዝቅ ብሎ አንድ አጭር ሐረግ ይደጋግም። ሌላው በላዩ ይሂድ። ከዚያ ተቀያየሩ። ገጹን በሁለት ዓምድ አትሙት፣ ዝም የምትሉበትን ቦታ ባዶ ተዉት፣ አብራችሁ የምትደርሱባትን አንዲት ቃል አክብቧት። ሁለቱ ድምፆች እዚያች ቃል ላይ ሲገናኙ አዳራሹ ይሰማዋል።

ከሩቅ በቪዲዮ የሚያነብ ጓደኛ ያለው ጥንድ ይህን አይሞክር፤ መስመሩ ስለሚዘገይ አንድ ላይ መድረስ አይቻልም። የሩቁን ድምፅ አስቀድማችሁ ቅዱት።

ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። ተቀምጦ ስድስት ደቂቃ የፈጀ ንባብ መድረክ ላይ ስምንት ይሆናል።

8. አዳራሹና ዕቃው

ትንሽ አዳራሽ ይሻላል፤ አርባ ሰው ያጨናነቀው ክፍል መቶ ወንበር ካለው ግማሽ ባዶ አዳራሽ ይበልጣል። ሁለት ማይክ ከነማቆሚያቸው ግዴታ ነው፤ በአንድ ማይክ ሁለት ገጣሚ ማለት ሁለት የተጋጨ ግንባር ነው። ወረቀት ማስቀመጫ ቋሚም ቢያንስ ሁለት ይኑር። ገጣሚው ሁጎ ባል በዚያው ካባሬ ቮልቴር በዚያው ዓመት የድምፅ ግጥሞቹን፣ ትርጉም ከሌላቸው ድምፆች የተሠሩትን፣ ሲያቀርብ ከካርቶን የተሠራ ልብስ ለብሶ መራመድ ስላልቻለ በጨለማ ተሸክመው ነው መድረክ ላይ ያቆሙት። ጽሑፉን ግን በሦስት የኖታ ማቆሚያዎች ላይ ዘርግቶ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ አነበበ። ልብሱን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ እኔን የሚያስቀናኝ ሦስቱ ማቆሚያ ነው። ለካርቶን ያሰበ ሰው ወረቀቱን የት እንደሚያስቀምጥም አስቦ ነበር።

ወረቀቱ በአንድ ገጽ ብቻ ይታተም፣ ፊደሉ ይጉላ፤ ሲገለበጥ የሚንኳኳ ወረቀት ማይኩ ውስጥ እንደ ነጎድጓድ ነው። ከስልክ የሚያነብ ሰው ስልኩን ድምፅ ያጥፋ፣ ማያው እንዳይጠፋም ያስተካክል።

9. ምሽቱ

መክፈቻ ላይ ጠንካራና ዕቃ የማያበዛ ጥንድ አስቀምጡ። ፕሮጀክተር ወይም የድምፅ ቅጂ የሚፈልገው ጥንድ ልክ ከዕረፍት በኋላ ይግባ፤ ዕቃው በዕረፍቱ ይሰናዳል። ከሁሉ ይበልጣል የምትሉትን የመጨረሻ አታድርጉት፤ ከዕረፍት በፊት አድርጉት፣ ሰው ቡናውን ይዞ ስለ እሱ እያወራ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ አጭሩ ይሁን።

መድረክ መሪው ሁለት ስም ብቻ ይጥራ። የሕይወት ታሪክ፣ ሽልማት፣ «ስለ ሥራው ጥቂት ቢነግሩን» አይኑር። ያንን በሚታደለው ወረቀት ላይ አስፍሩት። ገጣሚዎቹንም አሠራሩን መድረክ ላይ እንዳያስረዱ አስቀድማችሁ ለምኑ፤ ራብዕ እንደተከለከለ የተነገረው ታዳሚ ግጥሙን ትቶ ራብዕ ሲያድን ያመሻል።

ሰዓት የሚይዝ ሰው ከፊት ረድፍ ዳር ይቀመጥ። ስድስት ደቂቃ ሲሞላ ትንሽ መብራት ያብራ፤ ስምንት ሲሞላ ተነሥቶ ይቁም። ማይክ መዝጋት ነውር ነው፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን ይበቃል፤ ይህን ካስለመድኩ ወዲህ ዘጠኝ ደቂቃ የደረሰ አላየሁም።

10. ማግስቱ

ድምፁን ከማቀላቀያው በቀጥታ ቅዱ፤ ከወንበር ላይ የተቀዳ ስልክ የሚቀዳው ሳል ነው። የመጨረሻውን ጽሑፍ በዚያው ማታ ተቀበሉ፣ ከነእርሳስ ምልክቱ። በሳምንቱ ከጠየቃችኋቸው መድረክ ላይ የቀየሩትን ረስተው የተጣራ ቅጂ ይልኩላችኋል፤ የተጣራው ደግሞ የተሰማው ግጥም አይደለም።

ስለ ባለቤትነቱም ሳይዘገይ ይጻፍ። የማይነጣጠል የጋራ ሥራ የሁለቱም ስለሆነ አንዱ ብቻውን ሊያሳትመው አይገባም። የደራስያንን መብት በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት መሠረት የጋራ ሥራ የጥበቃ ዘመን የሚቆጠረው መጨረሻ ከሞተው ደራሲ ጀምሮ ነው፤ ጥንዶቹን በዚህ ስቀልድባቸው አንዳቸው ሌላውን በሐሳብ ይመዝኑታል። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ሁለቱ ስሞች ሁልጊዜ አብረው ይወጣሉ፤ ለኅትመት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ በአንድ ወር ውስጥ መልስ ካልሰጠ ሌላው ይወስናል። ሁለቱም ይፈርሙ።

ከዚያ ትንንሾቹን ወረቀቶች እንደገና ጠረጴዛው ላይ በትኗቸው። የተዋጣለትን ጥንድ ለሚቀጥለው ምሽት አብሮ አትጥሩት፤ በታትኑት። «ምን ይሸሻል?» በምትለው ሥር የጻፋችሁትን ደግሞ በአብዛኛው መሰረዝ ሊኖርባችሁ ነው። ያቺ ዓይኗን ከወረቀት የማታነሣዋ ባለፈው መብራቱ ሲበራ ወረቀቱን ወለሉ ላይ ጥላ የመጨረሻዋን ደቂቃ በቃሏ ነው የጨረሰችው።